መስታወቱ ላይ የተለጠፈው ካርቶን

ከጥቂት ዓመታት በፊት የምሠራበት ቢሮ ሰባተኛ ፎቅ ላይ ነበር። ሕንፃው ከሩቅ ሲታይ ያምራል። ሰማዩንም፣ ፊት ለፊቱ የቆመውን ክሬንም መልሶ የሚያሳይ ሰማያዊ መስታወት ለብሷል። ውስጡ ግን ሌላ ነው። የኔ ጠረጴዛ በምዕራብ በኩል ነበር። ስምንት ሰዓት ላይ ፀሐይዋ መጠጋት ትጀምራለች። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ኮት ይወልቃል። አሥር ሰዓት ላይ ኮምፒውተሩ ላይ ያለው ጽሑፍ አይታይም። መጋረጃ ይዘጋል፣ ክፍሉ ይጨልማል፣ መብራት ይበራል። ከሒሳብ ክፍል አንዱ ልጅ መጋረጃው አልበቃው ሲል የፎቶኮፒ ወረቀት ካርቶን ቀዶ በፕላስተር መስታወቱ ላይ ለጠፈው። በሳምንቱ ሌሎቻችንም ተከተልነው።

እስቲ አስቡት። ባለቤቱ ስንት ብር አውጥቶ፣ ዶላር ተሻምቶ ያስመጣውን መስታወት እኛ በካርቶን ሸፈንነው። በጠራራ ፀሐይ አምፖል አብርተን እንሠራለን። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ጄኔሬተር ይነሳል።

አርክቴክቶች “ከአካባቢው ጋር የተስማማ ዲዛይን” የሚሉት ነገር አለ። ስሙ ይከብዳል እንጂ ጉዳዩ ያ ካርቶን ነው። ሕንፃው ፀሐይዋ ከየት እንደምትመጣ ጠይቆ ቢሆን ኖሮ ካርቶን ባላስፈለገ ነበር።

እንግዲህ መጀመሪያ ፀሐይዋን እንያት። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ናት። ለምድር ወገብ ስለምንቀርብ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ወደ አናታችን ትጠጋለች። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ አካባቢ፣ ጭራሽ አናት ላይ ቀጥ ትላለች። በሰኔ ደግሞ አልፋን ወደ ሰሜን ትሻገራለች። ደመናው ከፈቀደላችሁ ሰኔ አጋማሽ ላይ ስድስት ሰዓት ላይ ውጡና ጥላችሁን ፈልጉ፤ በደቡብ በኩል ታገኙታላችሁ። በታኅሣሥ ተራው የደቡብ ነው፤ ከአናታችን 32 ዲግሪ ያህል ወደዚያ ታዘነብላለች።

ከዚህ ለቤት የሚሆን ቁም ነገር ይወጣል። ፊቱን ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ ያዞረ መስኮት ቀትር ላይ ፀሐይ የሚመጣበት ከላይ ነው። ከላይ የሚመጣን ፀሐይ ትንሽ ወጣ ያለ ክፈፍ ወይም አጭር በረንዳ ያስቆመዋል። ምሥራቅና ምዕራብ ግን ሌላ ጣጣ ነው። ጠዋትና ማታ ፀሐይዋ ዝቅ ብላ ዓይን ለዓይን ነው የምትመጣው። ከላይ የፈለጋችሁትን ክፈፍ ብትሠሩ ከሥሩ ሾልካ ትገባለች። ስለዚህ አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ሕንፃ ረጅም ጎኑን ለሰሜንና ለደቡብ፣ ጠባቡን ለምሥራቅና ለምዕራብ ከሰጠ፣ ከሥራው ግማሹ ያለ አንድ ሳንቲም አለቀ ማለት ነው።

ችግሩ ሕንፃ ፊቱን የሚያዞረው ለአስፋልት ነው። አስፋልቱ በምዕራብ በኩል ከሆነ፣ ያው የኔ ቢሮ ይሆናል።

የመስታወትን ባሕርይ ለማወቅ ፀሐይ ላይ ቆሞ የዋለ ሚኒባስ ውስጥ መግባት ይበቃል። የፀሐይ ብርሃን መስታወትን ያለ ችግር ያልፋል። ገብቶ ጠረጴዛው፣ ምንጣፉ፣ የሰው ትከሻ ላይ ሲያርፍ ወደ ሙቀት ይቀየራል። ሙቀቱ ግን በገባበት መልኩ አይወጣም። መስታወት ብርሃንን ያሳልፋል፣ ሙቀትን ይዞ ያስቀራል። ቀለም ያለው መስታወት ነገሩን ይቀንሰው ይሆናል እንጂ አያጠፋውም፤ ራሱ መስታወቱ ይግልና እንደ ምድጃ አጠገባችሁ ይቆማል። ማታ ሲበርድ ደግሞ ቀጭን ስለሆነ ውስጥ የቀረውን ሙቀት ቶሎ ወደ ውጭ ያፈስሰዋል። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ጃኬት ደርበን እንገባለን፣ አሥር ሰዓት ላይ እናልብ ነበር። በአንድ ቀን፣ በአንድ ወንበር ላይ።

ይህ ዓይነት ሕንፃ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በተለይ በአሜሪካ ከተሞች ሲስፋፋ ብቻውን አልመጣም። ማሞቂያና ማቀዝቀዣ ማሽን ይዞ ነው። መስታወቱ ያበላሸውን አየር ማሽኑ ያስተካክላል፣ የመብራት ክፍያው ደግሞ የባለቤቱ ዕዳ ነው። እኛ መስታወቱን አምጥተን ማሽኑን ተውነው። ደግሞም አዲስ አበባ፣ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ፣ ማሽኑን የምትፈልግ አልነበረችም። ቀኗ መለስተኛ፣ ሌሊቷ ቀዝቃዛ ነው። ከቤት የምንፈልገው አንድ ነገር ነው፤ የቀኑን ሙቀት ትንሽ ቆጥቦ ለሌሊት ማሳለፍ።

ጭቃ ቤት ያደገ ሰው ይህን ያውቀዋል። እንጨቱ ይተከላል፣ ማገሩ ይማገራል፣ ጭቃው ከጤፍ ጭድ ጋር ተረግጦ ይቦካል። ጭዱ ጭቃው ሲደርቅ እንዳይሰነጠቅ ያያይዘዋል። ከዚያ ምርጊት፣ ከዚያ ልስን። ያ ወፍራም ግድግዳ ቀን የተመታውን ፀሐይ ወደ ውስጥ ለማሳለፍ ሰዓታት ይፈጅበታል። ሙቀቱ ውስጥ ሲደርስ ውጭ መሽቷል። ግድግዳው ዕቁብ ነው በሉት፤ ቀኑን ሙሉ ይሰበስባል፣ ማታ ይደርሳችኋል።

ጣራው ላይ ቆርቆሮ ሲመጣ ዕቁቡ ፈረሰ። ቆርቆሮ ቶሎ ይግላል፣ ቶሎ ይበርዳል። ክረምት ላይ ደግሞ ዝናብ ሲመታው ከጎናችሁ ካለ ሰው ጋር አታወሩም። ሰው ግን መላ አላጣም፤ ከሥሩ አቡጀዴ ወጥሮ ኖራ ቀባው፣ ኮርኒስ አለው። በቆርቆሮውና በጨርቁ መሐል የታሰረው አየር ሙቀቱንም ድምፁንም ይቀንሳል። አይጥ ኮርኒሱ ላይ ስትሮጥ እየሰማ ያላደገ የሠፈር ልጅ ያለ አይመስለኝም። ያ ኮርኒስ ግን ከሰባተኛው ፎቅ መስታወት የበለጠ ስለ አዲስ አበባ አየር ያስባል።

ወደ ጭቃ ቤት እንመለስ እያልኩ አይደለም። ጭቃ ቤት መሠረቱ ደካማ ከሆነ እርጥበት ይስባል፣ በየዓመቱ ልስን ይፈልጋል፣ ቁንጫውም አይረሳም። በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው ያለባትን ከተማ በምድር ቤት ብቻ ማሳደር አይቻልም። ወደ ላይ መሥራት ግድ ነው። ከጭቃ ቤቱ የሚወሰደው ያሰበበት ነገር ነው።

አንድ ቤት ምን ያህል ማሰብ እንደሚችል ለማየት ዶርዜ መሄድ ነው። ከአርባ ምንጭ በላይ፣ በጉጌ ተራሮች ላይ ያሉት ዶርዜዎች በሽመና የታወቁ ናቸው። ቤታቸውንም ይሸምኑታል ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ቀርከሃ ተሰንጥቆ እንደ ትልቅ ቅርጫት ይጎነጎናል። ላዩን የእንሰት ኮባና የቀርከሃ ቅጠል ያለብሱታል። አንዳንዱ ሲሠራ ቁመቱ 12 ሜትር ይደርሳል። ፊቱ ወደፊት ወጣ ብሎ ከላይ ሁለት ጭስ የሚወጣባቸው ክፍተቶች አሉት። ለዚህ ነው ዝሆን ይመስላል የሚባለው። ውስጡ እሳት ይነድዳል፣ ከብቶቹም አብረው ያድራሉ። ለዚያ ብርድ እሳቱም የከብቱ ትንፋሽም ያስፈልጋል። ጭሱ ደግሞ ቀርከሃውን እያጠነ ከነፍሳት ይጠብቀዋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ለምን ነው እንዲህ የሚረዝመው? መልሱ ምስጥ ነው። ምስጥ ቤቱን ከመሬት ጀምሮ ይበላዋል። የሚበላው ሥሩን ነው። ባለቤቶቹ የተበላውን ክፍል ቆርጠው ይጥላሉ፣ ቤቱም ያንኑ ያህል ዝቅ ይላል። ከዓመታት በኋላ እንደገና ይበላል፣ እንደገና ይቆረጣል። ስለዚህ አጠር ያለ ቤት ስታዩ ሽማግሌ ቤት ነው፤ ዕድሜውን ከቁመቱ ታነቡታላችሁ። ምስጡ ጨርሶ ካስቸገረ ደግሞ ሰው ተጠራርቶ ቤቱን ከነነፍሱ ተሸክሞ ሌላ ቦታ ያስቀምጠዋል። እኔን የሚገርመኝ ይኼ ነው። ምስጡን እናጠፋለን አላሉም። እንደሚመጣ አውቀው፣ የሚበላውን አስቀድመው ጨምረው ሠሩ። ስንት መሐንዲስ ነው ጉዳቱን ቆጥሮ የሚነሳ?

እስካሁን ያወራነው ስለ አየርና ስለ ቁሳቁስ ነው። ቤት ግን ለሰው ኑሮም መልስ መስጠት አለበት፤ ለዚህ ደግሞ ሐረርን የሚያህል ምሳሌ አላውቅም። በ2006 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ መዝገብ በገባው በጁገል ግንብ ውስጥ መንገዶቹ ጠባብ ናቸው፤ ግራና ቀኝ ያለው ግንብ በብዙው የቀን ሰዓት ጥላ ይጥልባቸዋል። ከመንገዱ ገብታችሁ፣ ግቢውን አልፋችሁ ቤቱ ውስጥ ስትገቡ ወንበር አታገኙም። ነደባ የሚባሉ ከፍና ዝቅ ያሉ መደቦች ናቸው ያሉት። የትኛው ላይ ማን እንደሚቀመጥ ይታወቃል። ሽማግሌውና እንግዳው የከበረ ቦታ አላቸው፣ ልጁ ዝቅ ያለውን ይይዛል። ፕሮቶኮሉ ግድግዳና ወለል ሆኖ ተሠርቷል፤ “እዚያ ተቀመጥ” የሚል ሰው አያስፈልግም። ግድግዳው ላይ የተፈለፈሉት መደርደሪያዎች መጽሐፍና ዕቃ ይይዛሉ፣ ከላያቸው በሐረሪ ሴቶች እጅ የተሠራ ስፌት ይሰቀላል። መደቦቹ ቀይ አፈር ይቀባሉ። ቀይነቱ በ1879 ዓ.ም. በጨለንቆ ጦርነት የፈሰሰውን ደም ለማስታወስ ነው ይባላል። አንድ የቤት ወለል የመቀመጫ ሥርዓትም ይነግራል፣ ታሪክም ይይዛል።

እዚህ ላይ አንድ የማይዋጥልኝን ነገር ልናገር። “ባህላችንን የሚያንፀባርቅ” ተብሎ ጣራው ላይ መሶብ የሚቀመጥበት፣ በሩ ላይ ጥለት የሚሳልበት ሕንፃ እየበዛ ነው። ክፋት የለውም። ግን ልብስ ነው። ጀበና የሚመስል ሕንፃ ቡና አያፈላም። ውስጡ ቡና የሚፈላበት ቦታ አለው ወይ? ጥያቄው ይኼ ነው።

ይህ ደግሞ ወደ ኮንዶሚኒየም ያመጣናል። በ1997 ዓ.ም. ገደማ የተጀመረው ፕሮግራም ከመቶ ሺህ በላይ ለሚሆን ቤተሰብ ጣራ ሰጥቷል፤ ይህን አሳንሶ ማየት ግፍ ነው። ንድፉን ያወጡት ሰዎችም ስለ ኑሯችን አላሰቡም ማለት አይቻልም። በየብሎኩ አጠገብ ኮሚናል የሚባለውን የጋራ ቤት ሠርተዋል። እንጀራ የሚጋገርበት፣ ልብስ የሚታጠብበት፣ በግ የሚታረድበት ነው። ሐሳቡ ጥሩ ነበር። ግን ሊጥ ተሸክሞ ከአራተኛ ፎቅ መውረድ፣ እዚያ ወረፋ መጠበቅ፣ ምጣዱን ማን አጸዳ ብሎ መነታረክ አለ። በብዙ ቦታ ኮሚናሉ የጥበቃ ቤት ወይም የማኅበር ቢሮ ሆኖ ቀረ፤ ምጣዱ ወደ ቤት ወጣ።

ምጣድ ቤት ሲገባ ምን እንደሚሆን ተመልከቱ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን እስከ 4 ኪሎዋት ይስባል፤ እስከ 400 ባለ 10 ዋት አምፖል አንድ ላይ እንደማብራት ነው። እሑድ ጠዋት አንድ ብሎክ ውስጥ ሃያ ቤት ሲጋግር ቆጣሪው ቢዘል አይገርምም። ከዚያ እንፋሎቱ አለ። አክንባሎው በተነሳ ቁጥር የሚወጣው እንፋሎት በስቱዲዮ ቤት ውስጥ መሄጃ የለውም። ቀዝቃዛው ግድግዳ ላይ ሄዶ ውሃ ይሆናል፣ በዓመቱ ጥጉ ይሻግታል። ሰው ቀለም ይቀባበታል፣ እንደገና ይሻግታል። በሽታው እንጀራ የሚጋገርበትን ማዕድ ቤት ሻይ እንደሚፈላበት ማዕድ ቤት አድርጎ መሥራት ነው። አንድ ከፍ ያለ ሰፊ መስኮት፣ በተቃራኒው ደግሞ አየር የሚገባበት ክፍተት ቢኖር ይበቃ ነበር።

በሌላ በኩል ማንም ሳያቅደው የሰመረ ነገር አለ። እኔ የምኖርበት ብሎክ ደረጃው ክፍት ነው፣ የየፎቁ መተላለፊያም ወደ ውጭ የተከፈተ ነው። ንድፉ ላይ “መተላለፊያ” ነው የሚለው። ሦስተኛ ፎቅ ያሉት እናት ግን በየቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ከሰል ይዘው ይወጣሉ። ጭሱ ቤት ውስጥ አያስቀምጥማ። ቄጠማው እዚያው፣ ረከቦቱ እዚያው። ከሥራ የሚመለስ ሁሉ በዚያ ስለሚያልፍ “ኧረ ቡና ጠጡ” ይባላል። አብሬያቸው ስንት አቦል እንደጠጣሁ አልቆጥረውም። መተላለፊያው አንድ ሜትር ቢጨመርለት ሳሎን ይሆን ነበር። አሁን ግን ሰው ሲያልፍ ጀበናውን በእግሩ ይነካል።

የሕንፃ ንድፍ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ስለ ግድግዳው ነው። እኔ ግን በሕንፃና በሕንፃ መሐል ያለው ባዶ ቦታ ይበልጣል ባይ ነኝ። የጉራጌ መንደር ጀፎረ አለው። በቤቶቹ ፊት ለፊት የሚዘረጋ ሰፊ የሣር ጎዳና ነው። ማንም አያርሰውም፣ አጥር አይገፋበትም፤ በሥርዓት የተጠበቀ ነው። ሰርግ እዚያ፣ ለቅሶ እዚያ፣ የልጆች ጨዋታ እዚያ። ለኑሮ የሚሆን ክፍት ቦታ መተው ከውጭ የተማርነው አይደለም።

ከተማ ውስጥ ይህ ቦታ ሲጠብ የሚጋጩት ድንኳንና መኪና ናቸው። ለቅሶ ሲደርስ ዕድሩ ድንኳኑን ከወንበሩ ጋር ይዞ ይመጣል። ማቆሚያ ተብሎ የተሰመረው ቦታ ላይ ሦስት ቪትዝ ቆሟል። ባለቤቶቹ ይፈለጋሉ፣ አንዱ ሥራ ነው፣ አንዱ ስልክ አያነሳም። ግሪን ኤሪያ የተባለው ታጥሯል። ድንኳኑ ግማሹ መንገድ ላይ፣ ግማሹ ቱቦ ክዳን ላይ ይተከላል። ሰው አይሳደብም፣ ለቅሶ ነውና። የብሎኮቹ ርቀት ሲወሰን አንድ ሰው ብቻ “ድንኳኑስ?” ብሎ ቢጠይቅ ግን ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር።

ጥሩ ሙከራዎች የሉም አይባልም። ሩቅ መሄድም አያስፈልግም። ልደታ መርካቶ የሚባለውን የገበያ ሕንፃ ያወጣው የካታሎኑ አርክቴክት ሻቪየር ቪላልታ በመስታወት ፈንታ ትናንሽ ክፍተቶች ያሉት የኮንክሪት ሽፋን አልብሶታል። የክፍተቶቹ አሰላለፍ ከአገር ልብስ ጥለት የተወሰደ ነው። እዚህ ጥለቱ ጌጥ ብቻ አይደለም። ፀሐይዋን ቆራርጦ ያስገባል፣ አየርም ያሳልፋል። መሐሉ ክፍት ስለሆነ ሙቅ አየር ወደ ላይ ይወጣል። ልዩነቱ ታያችሁ? ጥለቱ ሥራ ተሰጥቶታል።

እዚያው ልደታ፣ የአርክቴክቸርና ሕንፃ ግንባታ ተማሪዎች በሚማሩበት ግቢ ውስጥ፣ በ2010 እ.ኤ.አ. ከዙሪኩ የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር በአብዛኛው ከአፈር የተሠራ ባለ አንድ ፎቅ ቤት ቆሟል። አፈር ፎቅ አይሸከምም ለሚል ሰው ሄዶ ማየት ነው። መካኒሳ ያለው ዞማ ሙዚየም ደግሞ ሌላ ጣዕም አለው። ኤልያስ ስሜና መስከረም አሰግድ በ2011 ዓ.ም. የከፈቱት ይህ ቦታ ግድግዳው ጭቃና ጭድ ነው። ያው እኛ የምናውቀው ጭቃ፤ ግን በእጅ እየተዳሰሰ እንደ ጥልፍ ተሠርቷል። ጭቃ የድሃ ነው ብሎ ያደገ ሰው እዚያ ገብቶ ሲወጣ ትንሽ ይደናገራል።

ቤት የምትገዙ ወይም የምትከራዩ ከሆነ እኔ የማደርገውን ልንገራችሁ። ደላላው “ጠዋት እንይ” ይላል፤ አይሆንም በሉት። ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ላይ ሂዱ። በምዕራብ በኩል ያለውን ግድግዳ በመዳፋችሁ ንኩት። ማዕድ ቤት ገብታችሁ ምጣዱ የት እንደሚቀመጥና እንፋሎቱ በየት እንደሚወጣ እዩ። አልጋ የሚሆነው ክፍል ጥግ ላይ አዲስ ቀለም ብቻውን ተቀብቶ ካያችሁ ሥሩን ጠርጥሩ። ስትወርዱ ደግሞ በሩ ላይ ጥበቃውን አግኙትና “ጋሼ፣ እዚህ ለቅሶ ሲኖር ድንኳን የሚተከለው የት ነው?” በሉት። እጁን ዘርግቶ ካሳያችሁ ቦታ አለ። ራሱን ማከክ ከጀመረ ግን መኪናችሁን የት እንደምታቆሙም አብራችሁ አስቡበት።